በክረምት ፀሐይ የት ትሄዳለች?

ባለፈው ክረምት የእህቴ ልጅ ከባሕር ዳር መጥታ ደብረ ማርቆስ እኛ ዘንድ ሰነበተች። አምስተኛ ክፍል ናት። ወሩ ሐምሌ ነው፤ ዝናቡ ከምሳ በኋላ ይጀምርና እስኪመሽ አያባራም። አንድ ቀን ጋቢ ተከናንባ ምድጃ ዳር ቁጭ ብላ፣ «አጎቴ፣ ክረምት የሚበርደው ፀሐይ ስለምትርቅ ነው አይደል?» አለችኝ። እኔ አፌን ሳልከፍት፣ ቤት ውስጥ ከነበሩት ትልልቅ ሰዎች ሁለቱ «አዎ እንጂ!» ብለው መለሱላት።

እውነቱ ሌላ ነው። እኛ ተኮራምተን እሳት ስንሞቅ፣ ፀሐይ ከደመናው በላይ አናታችን አካባቢ ነበረች። እንዲያውም አናታችንን አልፋ በጎንደር አቅጣጫ ወደ ሰሜን ተሻግራለች። ጎጃም ላይ በሐምሌ የቀትር ፀሐይ የምትታየው በስተሰሜን ነው። ልጅቷ አላመነችኝም። እኔም በቃል ከመከራከር ብዬ ግቢው ውስጥ አንድ ሜትር የሚሆን ቀጥ ያለ እንጨት ተከልኩላት። ከዚህ በታች ከምጽፈው ብዙው በዚያ እንጨት ጥላ የሚረጋገጥ ነው።

ጉዳዩን አጥብቄ የያዝኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ስለ ወቅቶች የተማርነው በአብዛኛው ከሌላ አገር ሰማይ ተገልብጦ ነው። በረዶ የሚወርድበትን የፈረንጅ ወቅት «ክረምት» ብለን እንተረጉማለን። ከዚያ ልጆቻችን የእኛ ክረምትና የእነሱ በረዶ አንድ ነገር ይመስላቸዋል። አንድ አይደሉም። የሚመጡት በተለያየ ወር ነው፤ ምክንያታቸውም ይለያያል።

እስቲ ከቀላሉ፣ ከቀንና ከሌሊት እንነሳ።

እንዝርት ሲሾር ታውቃላችሁ። ፈታይዋ ጭኗ ላይ ሸርተት አድርጋ ትለቀዋለች፤ እንዝርቱም በገዛ ዘንጉ ላይ ይሾራል። ምድርም እንዲሁ ትሾራለች። የእሷ ዘንግ ግን በዓይን አይታይም። ከሰሜን ዋልታ እስከ ደቡብ ዋልታ መሐሏን ሰንጥቆ ያልፋል ብለን በሐሳብ የምናሰምረው መስመር ነው። የትምህርት ቤት ስሙ ዛቢያ ነው።

ክብ ነገር ላይ ብርሃን ከአንድ ወገን ሲመጣ ግማሹ ይበራል፣ ግማሹ ይጨልማል። ማታ ፋኖስ አጠገብ ብርቱካን ይዛችሁ ማየት ትችላላችሁ። ምድርም ሁልጊዜ ግማሿ ቀን፣ ግማሿ ሌሊት ነው። እሷ ስትሾር እኛ ከጨለማው ወገን ወደ ብርሃኑ ወገን እንገባለን። ያኔ «ነጋ» እንላለን። «ፀሐይ ወጣች» የምንለው ከልማድ ነው፤ ወደ ብርሃኑ የመጣነው እኛ ነን። የጮቄ አናት ከእኛ ቀድሞ የሚበራውም ለዚህ ነው። ከፍ ያለ ቦታ ከአድማሱ ማዶ አሻግሮ ስለሚያይ ብርሃኑ ቀድሞ ይደርሰዋል።

ምድር የምትሾረው ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ነው። ስለዚህ በምሥራቅ ያለ ሰው ቀድሞ ይነጋለታል። ሐረር ላይ ፀሐይ ከደብረ ማርቆስ 17 ደቂቃ ገደማ ቀድማ ትወጣለች። ሒሳቡ ከባድ አይደለም። አንድ ዙር 360 ዲግሪ ነው። በ24 ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 15 ዲግሪ ይሆናል፤ ለአንድ ዲግሪ 4 ደቂቃ ማለት ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል ደግሞ ከ4 ዲግሪ በላይ የኬንትሮስ (የምሥራቅና የምዕራብ) ልዩነት አለ።

ይህ ነገር ሰዓታችን ላይም ይታያል። አገሩ በሙሉ የሚጠቀመው አንድ ሰዓት የተቀመረው ከጎጃም በጣም ወደ ምሥራቅ በሚያልፍ መስመር ነው። ስለዚህ ደብረ ማርቆስ ላይ እውነተኛው ቀትር፣ ማለትም ፀሐይ ከፍታዋን የምትጨርስበት ጊዜ፣ ስድስት ሰዓት ላይ አይደለም። ስድስት ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። ይህን ያዙልኝ፤ ወደ እንጨቱ ስንመለስ ያስፈልገናል።

«የምንሾር ከሆነ ለምን አይታወቀንም?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ደብረ ማርቆስ ከነሕዝቧ በሰዓት 1,640 ኪሎ ሜትር ያህል እየተወረወረች ነው። ግን በአውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ የሄዳችሁበትን ቀን አስታውሱ። ከሉማሜ ወዲያ ሜዳው ላይ ሾፌሩ እኩል ፍጥነት ይዞ ሲነዳ፣ ዓይናችሁን ብትጨፍኑ መሄዳችሁም አይታወቃችሁም። ደጀንን አልፎ የአባይን በረሃ መውረድ ሲጀምር ግን ነገር ይለወጣል። ፍሬን ሲያዝ ወደ ፊት፣ ሲታጠፍ ወደ ጎን ትወድቃላችሁ። ሰውነታችን የሚያውቀው የፍጥነትን መለወጥ ነው እንጂ ፍጥነትን አይደለም። ምድር ፍሬን አትይዝም፤ ድንገት አትታጠፍም። አየሩም፣ ቤቱም፣ የጣና ውሃም አብሮን ይሄዳል።

መሾሯን በዓይን ያሳየ ሰው ግን አለ። እ.ኤ.አ. በ1851 ፈረንሳዊው ሊዮን ፉኮ ፓሪስ ውስጥ ከረጅም ሽቦ ላይ ከባድ ኳስ አንጠልጥሎ አወዛወዘ። ሰዓታት ሲያልፉ የመወዛወዣው አቅጣጫ ቀስ እያለ ዞረ። ኳሱን የነካው የለም፤ ከሥሩ የዞረችው ምድር ናት። ያው ኳስ ደብረ ማርቆስ ላይ ቢንጠለጠል አንድ ዙር ለመጨረስ አምስት ቀን ተኩል ገደማ ይፈጅበታል። ዋልታ ላይ ግን አንድ ቀን ይበቃዋል።

አሁን ወደ ሁለተኛው እንቅስቃሴ እንሂድ። ውቂያ ላይ በሬዎች አውድማውን ሲዞሩ አስቡ። መሐሉ ላይ ፋኖስ ተሰቅሏል እንበል። ምድር እንደ እንዝርት እየሾረች፣ በዚያው እንደ በሬዎቹ ፀሐይን ትዞራለች። መሾሩ ቀን ይሰጠናል፤ መዞሩ ዓመት ይሰጠናል። የመዞሪያዋ መንገድ ምህዋር ይባላል። ፍጥነቷ በሴኮንድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

አንዱን ዙር በ365 ቀን ከሩብ ገደማ ትጨርሰዋለች። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ቀኑን ለ60 ኬክሮስ ይከፍሉታል፤ አንዱ ኬክሮስ 24 ደቂቃ ነው። ከ365 ቀን የሚተርፈው 15 ኬክሮስ፣ ማለትም 6 ሰዓት ነው። አራት ዓመት ሲጠራቀም አንድ ቀን ይሞላል። ጳጉሜን በዘመነ ሉቃስ ስድስት ቀን የምትሆነው ለዚህ ነው። (በጂኦግራፊ ትምህርት ደግሞ ይኸው «ኬክሮስ» የሚለው ቃል ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ያለውን ርቀት ይለካል። ተማሪ እንዳይምታታበት መንገር ያስፈልጋል።)

የልጅቷ ጥያቄ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ምድር ፀሐይን ስትዞር ርቀቷ ሁልጊዜ እኩል አይደለም። በጣም የምትቀርባት ታኅሣሥ 25 ግድም፣ ለገና ሰሞን ነው፤ ያኔ ርቀቱ 147 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። በጣም የምትርቃት ደግሞ ሰኔ 27 ግድም ነው፤ ወደ 152 ሚሊዮን። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ክረምት የሚገባው ሰኔ 26 ነው። ግጥምጥሞሹን አያችሁት? ፀሐይ የምትርቀው ልክ ክረምት ሲገባ ነው። እነዚያ ሁለት ትልልቅ ሰዎች «አዎ እንጂ» ቢሉ አይፈረድባቸውም።

ነገር ግን ልዩነቱ ከመቶ ሦስት እጅ ያህል ነው። ወቅትን የሚሠራ ቢሆን ኖሮ መላው ዓለም አንድ ላይ በበረደው ነበር። ሐምሌ ላይ ዋሺንግተን ላለ ዘመዳችሁ ደውሉ፤ ሙቀቱ አላስተኛ ብሎት ይሆናል። በዚያው ቀን ጆሃንስበርግ ላለው ደውሉ፤ ጃኬቱን ደርቦ ታገኙታላችሁ። ሁለቱም ያሉት አንዲት ምድር ላይ ነው፤ ከፀሐይ ያላቸው ርቀት እኩል ነው ማለት ይቻላል።

ከዚህም የቀረበ ማስረጃ አለን። የጮቄ ጫፍ ከባሕር ጠለል በላይ 4,100 ሜትር ያህል ነው። የአባይ ድልድይ ያለበት በረሃ ወደ 1,000 ሜትር ይወርዳል። እንግዲህ ጮቄ ለፀሐይ በሦስት ኪሎ ሜትር ይቀርባል። ብርዱ ግን ጮቄ ላይ ነው። ወደ ላይ ስንወጣ አየሩ ይሳሳል፤ በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ሙቀቱ 6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ጋቢ ለብሶ ከደጀን የተነሳ ሰው ድልድዩ ጋ ሳይደርስ ጋቢውን የሚጥለው ፀሐይ ቀርባው አይደለም።

ታዲያ ወቅትን የሚያመጣው ምንድን ነው? መዝመም ነው። የምድር ዘንግ ቀጥ ብሎ አልቆመም፤ 23.4 ዲግሪ ዘመም ብሏል። ይህ መዝመም ባይኖር ኖሮ በዓለም ሁሉ፣ ዓመቱን ሙሉ፣ ቀንና ሌሊቱ እኩል ይሆን ነበር።

ብርቱካኑን አምጡና እንጨት ሰክታችሁ አዝምሙት። አሁን በፋኖሱ ዙሪያ ይዛችሁ ዙሩ። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ፦ እንጨቱ የዘመመበትን አቅጣጫ አትቀይሩ። ወደ በሩ ከዘመመ፣ የትም ብትዞሩ ወደ በሩ እንደዘመመ ይቆይ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ምድር ወዲያና ወዲህ የምትወዛወዝ ይመስለዋል። አትወዛወዝም። ዘንጓ ዓመቱን ሙሉ የሚያመለክተው ወደ አንድ ቦታ፣ ወደ ሰሜን ኮከብ ነው። በበጋ ጥርት ባለ ሌሊት ፊታችሁን ወደ ሰሜን አዙሩ። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ አንድ ጭብጥ ከአድማሱ በላይ ለኩ፤ ኮከቡ እዚያ አካባቢ ነው። ጭብጥ 10 ዲግሪ ያህል ይሸፍናል። ደብረ ማርቆስም ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 10 ዲግሪ አለፍ ብላ ነው ያለችው። የኮከቡ ከፍታ የቆማችሁበትን ኬክሮስ ይነግራችኋል።

ብርቱካኑ ሲዞር በአንድ በኩል የላይኛው ግማሽ ወደ ፋኖሱ ይዘማል። ግማሽ ዙር ሲሄድ ደግሞ ያው የላይኛው ግማሽ ከፋኖሱ ይሸሻል፤ የታችኛው በተራው ይቀርባል። ሰሜኑ ወደ ፀሐይ የሚዘምበት ጫፍ ሰኔ 14 ገደማ ነው። የሚሸሽበት ጫፍ ታኅሣሥ 12 ገደማ ነው። በመካከላቸው፣ መጋቢት 11 እና መስከረም 12 ገደማ፣ ፀሐይ በምድር ወገብ አናት ላይ ትሆናለች፤ ቀንና ሌሊቱም እኩል ለእኩል ይሆናል።

መዝመሙ ሁለት ነገር ይለውጣል። አንዱ ብርሃኑ የሚያርፍበት አኳኋን ነው። አንድ ጣሳ ሊጥ በትንሽ ምጣድ ላይ ብታፈሱት ወፍራም ይሆናል፤ በትልቅ ምጣድ ላይ ብትበትኑት ይሳሳል። ሊጡ ያው ነው። ፀሐይ ከአናት ስትሆን ብርሃኗ ትንሽ ቦታ ላይ ተከማችቶ ያቃጥላል። ከጎን ስትመጣ ያው ብርሃን ሰፊ ቦታ ላይ ይበተናል፤ ሙቀቱም ይሳሳል። ሌላው የቀኑ ርዝመት ነው። ወደ ፀሐይ የዘመመው ወገን በብርሃኑ ውስጥ ብዙ ይቆያል።

ስለ ቀን ርዝመት ሳነሳ ስንክሳር ሲነበብ የሰማችሁ ታውቁታላችሁ። በየወሩ መግቢያ የቀኑ ሰዓት ስንት እንደሆነ ይነገራል። መስከረም 12 ሰዓት ነው፤ ጥቅምት 11፣ ኅዳር 10፣ ታኅሣሥ 9። ከዚያ ይጨምራል። መጋቢት 12 ይደርሳል፤ ሰኔ 15፤ ከዚያ መልሶ ይቀንሳል። ሥርዓቱ ውብ ነው፤ የመጨመርና የመቀነሱ ቅደም ተከተልም ልክ ነው። መጠኑ ግን የጎጃም ሰማይ አይደለም። ስንክሳሩ ወደ ግእዝ የተመለሰው ከዐረብኛ ነው። 15 እና 9 ሰዓት ገደማ የሚሆን ቀን ያላቸው ከእኛ በጣም ወደ ሰሜን ያሉ አገሮች ናቸው፤ ለምሳሌ ኢስታንቡል።

ደብረ ማርቆስ ላይ ረጅሙ የሰኔ ቀን 12 ሰዓት ከ44 ደቂቃ ያህል ነው። አጭሩ የታኅሣሥ ቀን 11 ሰዓት ከ31 ያህል። የሁለቱ ልዩነት አንድ ሰዓት ከሩብ እንኳ አይሞላም። ሰኔ አጋማሽ ላይ ፀሐይ ጠዋት 12 ሰዓት ከ10 ገደማ ትወጣና ማታ ለአንድ ሰዓት ጥቂት ሲቀር ትጠልቃለች። ታኅሣሥ ላይ ግን 12 ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ ነው የምትወጣው። ስቶክሆልም ብትሄዱ የሰኔው ቀን ከ18 ሰዓት ይበልጣል፤ የታኅሣሡ 6 ሰዓት ብቻ ነው። ከዚያም በጣም ወደ ሰሜን ከዘለቃችሁ በሰኔ ጭራሽ አይመሽም። የእኛ ሰዓት ከንጋት ተነስቶ አንድ፣ ሁለት እያለ የሚቆጥረው ንጋታችን ብዙ ስለማይዋልል ይመስለኛል። ስቶክሆልም ላይ እንዲህ ያለ አቆጣጠር አያስኬድም።

ወደ እንጨቱ እንመለስ። እኔ እስከ ዛሬ ልቤን የሚያሞቀው ይህ ክፍል ነው።

ምድር ስለዘመመች፣ ፀሐይ በአናት የምትሆንበት ቦታ በዓመት ውስጥ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይመላለሳል። የመጨረሻ ወሰኑ ከምድር ወገብ ወዲህና ወዲያ 23.4 ዲግሪ ነው። ጎጃም ከዚያ ወሰን ውስጥ ነው። ስለዚህ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በእኛ አናት ላይ ታልፋለች። አንዴ ስትሄድ፣ አንዴ ስትመለስ። ደብረ ማርቆስ ላይ መሄጃዋ ሚያዝያ 9 ገደማ ነው፤ መመለሻዋ ነሐሴ 20 ገደማ። በእነዚያ ቀናት ቀትር ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ እንጨት ጥላ የለውም። ጥላው እግሩ ሥር ይገባል።

ታኅሣሥ 12 የአንድ ሜትር እንጨት ጥላ በቀትር 67 ሳንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ የሚወድቀውም ወደ ሰሜን ነው። ሰኔ 14 ግን 23 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይሆንና ወደ ደቡብ ይወድቃል። ከሚያዝያ 9 እስከ ነሐሴ 20 ባሉት አራት ወራት ከአሥራ አንድ ቀን የቀትር ጥላችን ደቡብን ያያል። ፓሪስ ወይም ኒውዮርክ የሚኖር ሰው ዕድሜውን ሙሉ ይህን አያይም። እነሱ ዘንድ የቀትር ፀሐይ ሁልጊዜ በደቡብ ናት፤ በአናትም አትሆን።

ከእኛ ካለፈች በኋላ ፀሐይ የት ትሄዳለች? የአባይን መድረሻ ይዛ ትወርዳለች ብል አላጋነንኩም። በሱዳን አናት አልፋ ሰኔ 14 ገደማ ግብፅ ውስጥ አስዋን አካባቢ ትደርስና ትመለሳለች። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ክፍለ ዘመን እስክንድርያ የኖረው ኤራቶስቴንስ ይህን ያውቅ ነበር። በዚያ ቀን ቀትር ላይ ፀሐይ አስዋን ውስጥ የጉድጓድ ውሃ ድረስ ዘልቃ ትታያለች። በዚያው ሰዓት እስክንድርያ ላይ ግን ጥላ አለ። ጥላውን ለካው። የክብ 50ኛ ያህል ሆነ። የሁለቱን ከተሞች ርቀት በ50 አበዛና የምድርን ዙሪያ አገኘ። እጁ ላይ የነበረው እንደኛው ያለ የቆመ ነገርና ጥላ ነው።

አሁን ብርዱን እንጠይቅ። ፀሐይ አናት ላይ ከሆነች ሐምሌ ለምን ይበርዳል?

ፀሐይ በብርቱ የምታሞቀው ምድር አየሩን ወደ ላይ ታወጣለች። በወጣው አየር ቦታ ሌላ ነፋስ ይገባል። ያ ነፋስ ከአትላንቲክና ከሕንድ ውቅያኖስ፣ በኮንጎ ደን በኩልም አድርጎ ይመጣል፤ እርጥበት ተሸክሟል። የጎጃምን ተራራ ሲያገኝ ወደ ላይ ይገፋል፣ ይቀዘቅዛል፣ ውሃውን ይጥላል። ይህ የዝናብ መቀነት ፀሐይን ተከትሎ ወደ ሰሜን ይመጣል፤ ስትመለስም ይመለሳል። እስከ አስዋን ግን አይከተላትም። እርጥበቱ ከእኛ ተራሮችና ከሱዳን ሜዳ አልፎ በረሃውን አይዘልቅም። አስዋን የሚደርሰው ዝናባችን በአባይ በኩል ሄዶ ነው። የአስዋን ግድብ ከመሠራቱ በፊት ግብፅ በነሐሴና በመስከረም የምትጥለቀለቀው በዚህ ውሃ ነበር።

ፀሐይ ሚያዝያ ላይ አልፋን ዝናቡ ሰኔ ድረስ የሚቆየው ለምንድን ነው? ምጣድ አስቡ። እሳቱ እንደተለኮሰ እንጀራ አይጋገርም፤ ምጣዱ እስኪግል መጠበቅ አለ። ምድርም፣ ውቅያኖሱም፣ ነፋሱም እንዲሁ ጊዜ ይወስዳሉ። እሳቱ ሲጠፋም ምጣዱ ወዲያው አይቀዘቅዝም። ስለዚህ ዝናቡ የሚበረታው ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ ሰማዩ የሚጠራው ደግሞ ፀሐይ ወደ ምድር ወገብ ከተመለሰች በኋላ፣ አደይ አበባ ሲፈነዳ ነው።

ሐምሌን የሚያበርደው እንግዲህ ደመናው ነው። ደመና ቀን ጃንጥላ ነው፤ የፀሐይን ብርሃን ወደ ላይ መልሶ ይወረውራል። ሌሊት ግን ጋቢ ነው፤ ምድር ቀን ያገኘችውን ሙቀት ይዞ ያስቀርላታል። ለዚህ ነው ሐምሌ ቀኑ ቀዝቃዛ ሆኖ ሌሊቱ ውርጭ የማይኖረው። ታኅሣሥ ተቃራኒው ነው። ቀን ጃንጥላ የለም፤ ፀሐይ ትተኩሳለች። ሌሊት ጋቢ የለም፤ ሙቀቱ ሁሉ ወደ ጥርት ያለው ሰማይ ይበናል። ጮቄ ሥር ያለ ገበሬ ማለዳ ሣሩን ነጭ ሆኖ የሚያገኘው ምድር ለፀሐይ በጣም በቀረበችበት ሰሞን ነው።

በነገራችን ላይ አራቱን ወቅቶች በስማቸው ብንጠራ ደስ ይለኛል። ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው። ከዚያ እስከ ታኅሣሥ 25 መፀው ይባላል። በጋ እስከ መጋቢት 25፣ ፀደይ እስከ ሰኔ 25። ብዙዎቻችን አበባ ስናይ መስከረምን «ፀደይ» እንላለን፤ ያ ደግሞ ከፈረንጅ አበባ ጋር የመጣ ስሕተት ነው። የአበባችን ወቅት መፀው ነው። ስሙም ያምራል።

ሐምሌ ላይ ደመናው በተገለጠ ቁጥር እኔና ልጅቷ ሮጠን እንወጣ ነበር። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ የጥላው ጫፍ ያረፈበት ድንጋይ ታስቀምጣለች። ጥላው ከእንጨቱ በስተደቡብ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ነበር፤ በየሳምንቱም አጠረ። ነሐሴ 20 ግን ሰማዩ ጥቁር ሆኖ ዋለ። ሰባት ሰዓት ላይ ለአንድ አፍታ ተከፈተ። ጥላው አንድ ጋት ያህል ሆኖ ወደ ምሥራቅ ዞሯል፤ በግማሽ ሰዓት አምልጦናል። ልጅቷ ልታለቅስ ምንም አልቀራት። መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት ወደ ባሕር ዳር ተመለሰች።

ሚያዝያ 9 እኔ ብቻዬን ወጣሁ። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ እንጨቱ ጥላ አልነበረውም። ደወልኩላትና «እኛ ጋ ደርሳለች፤ አናት ላይ ያለችው ፀሐይ ወደ ሰሜን በቀን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው የምትሄደው። ብርቱ እግረኛ በላት። እናንተ ጋ መቼ ትደርሳለች?» አልኳት። ባሕር ዳር ከደብረ ማርቆስ ወደ ሰሜን ብቻ ሲለካ 140 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስልኩ ላይ ትንሽ ዝም አለች። እያካፈለች ነበር።

ሚያዝያ 12 ከቀትር በኋላ ስልኬ ጠራ። «አጎቴ፣ ገባ! ጥላው እንጨቱ ውስጥ ገባ!»